ተቀባዩ የታጣ ደብዳቤ፤ በኔትወርክ ጨዋታዎች ፕሮግራም የሶኬት አቀባበል ስሕተቶችና አመራመራቸው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሶኬት ሲባል ለብዙ መሐንዲሶች በመጀመሪያ ትዝ የሚላቸው በግድግዳ ላይ የተተከለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነው። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው ሶኬት ግን በእጅ የማይዳሰስ፣ አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚላላክበት በር ነው። አሠራሩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ የተሠራው 4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው የዩኒክስ ዓይነት ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ በ1993 ደግሞ ዊንሶክ 1.1 በሚል ስም የታወቀው ስምምነት ይህንኑ አሠራር ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች አበቃው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሮች በፍጥነትም በዓይነትም እጅግ ቢለወጡም፣ ፕሮግራመሩ መልእክት የሚልክባቸውና የሚቀበልባቸው ጥሪዎች በመሠረቱ ያው ናቸው።

የንግግሩ ዓላማ በዚህ በር መልእክት ሲጠበቅ በመልእክቱ ፈንታ የስሕተት ቁጥር ብቅ ሲል፣ ያ ቁጥር እንዴት መነበብ እንዳለበት ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከጨዋታ ፕሮግራሞች ነው። ጨዋታ የልጆች ጉዳይ ነውና ለመሐንዲሶች ስብሰባ አይመጥንም የሚል አስተያየት ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የደመወዝ መዝገብ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም መልሱን ሁለት ሴኮንድ ቢያዘገይ ማንም ልብ አይለውም፤ የጨዋታ ሰርቨር ግን በሴኮንድ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ስድሳ ጊዜ ከብዙ ሰዎች መልእክት ተቀብሎ፣ ሁኔታውን አስልቶ፣ ለእያንዳንዱ መልስ መላክ አለበት። ከዚህም የተነሣ በሌላ ሥራ ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ የሚኖር ጉድለት በጨዋታ ውስጥ በአንድ ምሽት ይገለጣል። ከጨዋታው የሚገኘውም ትምህርት ድምፅ ለሚያስተላልፉ፣ ከሩቅ ቦታ ልኬት ለሚሰበስቡና ለመሰል ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያገለግል ነው።

1. የአሥራ ስድስቱ ተጫዋቾች ምሽት

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የሚከተለውን ሁኔታ መገመት ይበቃል። አንድ ወጣት ፕሮግራመር አሥራ ስድስት ሰዎች አብረው የሚጫወቱበት ሰርቨር በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሠርቷል። በጠረጴዛው ላይ ባሉት ሁለት ኮምፒዩተሮች ለሳምንታት ሲፈትነው አንዳችም እክል አልታየም። በአንድ ቅዳሜ ምሽት ጓደኞቹን ጋብዞ ሰርቨሩን ከፈተ። ጨዋታው በሚገባ ከሞቀ በኋላ ሁሉም ተጫዋች በድንገት ባለበት ደርቆ ቀረ። ሰርቨሩ ሥራውን አቁሟል፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ መስመር «የመቀበል ስሕተት 10054» ይላል። ሰርቨሩ እንደገና ተነሣ፤ ብዙ ሳይቆይ ያው ደረሰበት።

ፕሮግራመሩ የቁጥሩን ትርጉም ሲፈልግ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወገን ግንኙነቱን በኃይል እንደ ዘጋው የሚገልጽ ማብራሪያ አገኘ። በዚሁ ተመርቶ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ የኔትወርክ ካርዱን፣ ከዚያም ፋየርዎሉን መረመረ፤ ሁሉም ደኅና ነው። የተጫዋቹ ቁጥር በበዛ መጠን ስሕተቱም እየተደጋገመ ስለ መጣ፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብሎ የተሻለ አቅም ያለው ኮምፒዩተር ተዋሰ፤ ለውጥ አልተገኘም። በመጨረሻ ስሕተቱ በመጣ ጊዜ ሁሉ ሶኬቱን ዘግቶ በምትኩ ሌላ የሚከፍት ጥቂት መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ ጨመረ። ሰርቨሩ መቆሙን ተወ፤ ነገር ግን አሮጌው ሶኬት ሲዘጋ በውስጡ ተራ ይጠብቅ የነበረው የሌሎቹ ተጫዋቾች መልእክት አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጨዋታው በየጊዜው ይንገጫገጭ ጀመር።

ይህ ወጣት ታታሪነት አልጎደለውም። ሳያስተውለው ያለፈው ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰርቨሩ የሚላላከው ዩ.ዲ.ፒ. በተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በዩ.ዲ.ፒ. ደግሞ ግንኙነት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። ያልተከፈተ ግንኙነት እንዴት ሊዘጋ ቻለ? ምርመራው መጀመር የነበረበት ከዚህ ጥያቄ ነበር።

2. ቧንቧና ፖስታ ሣጥን

መልእክት በኢንተርኔት የሚጓዝባቸው ሁለት ዋና ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው ቲ.ሲ.ፒ. ነው። ይህ ሥርዓት በ1981 በአር.ኤፍ.ሲ. 793 የተደነገገ ሲሆን፣ በ2022 በአር.ኤፍ.ሲ. 9293 ተሻሽሎ ተተክቷል። ቲ.ሲ.ፒ. በሁለት ፕሮግራሞች መካከል እንደ ተዘረጋ ቧንቧ ነው፤ በአንዱ ጫፍ የገባው ሁሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ በመንገድ የጠፋ ቢኖር እንደገና ይላካል። ሁለተኛው ዩ.ዲ.ፒ. ነው። በ1980 ጆን ፖስቴል ያዘጋጀው አር.ኤፍ.ሲ. 768 ሦስት ገጽ ብቻ ያለው ሰነድ ነው፤ ሥርዓቱም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። እያንዳንዱ መልእክት ራሱን ችሎ እንደ ደብዳቤ ይላካል፤ ሊዘገይ፣ ከኋላው በተላከው ሊቀደም፣ ሊጠፋም ይችላል።

ፈጣን ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ዩ.ዲ.ፒ.ን የሚመርጡበት ምክንያት የርቀት ጉዳይ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በታች ሊፈጅ አይችልም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። በቲ.ሲ.ፒ. አንድ መልእክት ሲጠፋ፣ ጠፊው ተተክቶ እስኪመጣ ድረስ ከኋላው የደረሱት ሁሉ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በጨዋታ ግን የተጫዋቹ የቅድሙ ሥፍራ አሁን ካለበት ሥፍራ የበለጠ አይፈለግም። ስለዚህ የጠፋው ጠፍቶ አዲሱ ቶሎ ቢደርስ ይመረጣል። ጥድፊያው ያን ያህል ባልሆነበት ግን ቲ.ሲ.ፒ. ያገለግላል፤ በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተሠራው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ 10054 መመለስ ይቻላል። በአገራችን ደብዳቤ በተለምዶ ከቤት ድረስ አይታደልም፤ ባለጉዳዩ ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል። የዩ.ዲ.ፒ. ሶኬትም እንደዚሁ ነው፤ ፖርት የተባለው ቁጥር የሣጥኑ ቁጥር ነው፤ የአሥራ ስድስቱም ተጫዋቾች ደብዳቤ የሚጠራቀመው በዚያው በአንዱ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለሣጥኑ ለአንድ ወዳጁ የላከው ደብዳቤ ተቀባይ ሲያጣ «ተቀባዩ አልተገኘም» የሚል ምልክት ተደርጎበት ወደ ላኪው ሣጥን ይመለሳል። ላኪው ከሌሎች ወዳጆቹ ደብዳቤ መጥቶልኛል ብሎ ሣጥኑን ሲከፍት የራሱን ደብዳቤ ያገኛል። በዚህ ጊዜ «ሣጥኔ ተሰብሯል» ብሎ ቁልፉን ጥሎ ሌላ ሣጥን የሚከራይ ሰው አይኖርም። ወጣቱ ፕሮግራመር የጨመራቸው መስመሮች ያደረጉት ግን ይህንኑ ነበር።

በመረቡ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአንዱ ተጫዋች ፕሮግራም በድንገት ይሞታል፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደ በራ ነው። ሰርቨሩ ይህን ስለማያውቅ መላኩን ይቀጥላል። የተጫዋቹ ኮምፒዩተር በዚያ ፖርት የሚቀበል ፕሮግራም ስለሌለው፣ በ1981 በአር.ኤፍ.ሲ. 792 በተደነገገው አይ.ሲ.ኤም.ፒ. አማካይነት «በዚህ ፖርት ማንም የለም» የሚል ማስታወቂያ ይመልሳል። የሰርቨሩ ዊንዶውስ ማስታወቂያውን ተቀብሎ ያቆየዋል፤ ሰርቨሩ ቀጥሎ ሪሲቭ ፍሮም የተባለውን የመቀበያ ጥሪ ሲያደርግም በመልእክት ፈንታ 10054ን ይሰጠዋል። እንግዲህ ስሕተቱ የተገለጸው በመቀበል ላይ ቢሆንም የሚናገረው ቀደም ሲል ስለ ተደረገ መላክ ነው፤ የሚናገረውም ስለ አንዱ ተጫዋች ብቻ እንጂ ስለ ሶኬቱ ጤንነት አይደለም።

ስሕተቱ በጠረጴዛ ላይ ያልታየበትም ምክንያት ከዚሁ ይገኛል። ፕሮግራመሩ ሲፈትን የሚወጣው በወጉ፣ «ደኅና ሁኑ» የሚል መልእክት በሚልከው መውጫ በኩል ስለ ነበረ፣ ሰርቨሩ ወደ ወጣው ሰው መላኩን ወዲያው ያቆማል። እንግዶቹ ግን ፕሮግራሙን በግድ ይዘጋሉ፤ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ይወድቅባቸዋል። በሌላ በኩል የአንዱ ተጫዋች መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ማስታወቂያ የሚመልስ ኮምፒዩተር ስለሌለ 10054 ከዚያ አይመጣም። ማስታወቂያውን በመንገድ የሚያስቀሩ ፋየርዎሎችም ብዙ ናቸው። ስለሆነም ስሕተቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል፤ ይህም መርማሪውን ያሳስተዋል።

3. ከኩዌክ ፕሮግራሞች የሚገኝ ማስረጃ

ይህ እንቅፋት ጀማሪዎችን ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ድርጅት ኩዌክ የተባለውን ጨዋታ በ1996 ካወጣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆን ካርማክ ለኢንተርኔት እንዲስማማ አድርጎ ያሻሻለው ኩዌክወርልድ ተከተለ። ድርጅቱ የእነዚህንና የተከታዮቻቸውን የፕሮግራም ጽሑፍ ከጊዜ በኋላ ለሕዝብ ስለ ለቀቀ፣ በየዘመኑ የመቀበያው ክፍል እንዴት እንደ ተጻፈ ማንም ሊመለከተው ይችላል።

በ1999 ይፋ በሆነው የመጀመሪያው ኩዌክ ጽሑፍ ውስጥ የዩኒክሱ ክፍል ሁለት ስሕተቶችን እንደ ተራ ነገር ያልፋቸዋል፤ አንዱ «የመጣ መልእክት የለም»፣ ሁለተኛው «ግንኙነት እምቢ ተብሏል» የሚሉት ናቸው። የዊንዶውሱ ክፍል እነዚሁኑ ሁለት ስሞች በዊንዶውስ አጠራር ይዟል። ነገር ግን ዩኒክስ «እምቢ ተብሏል» የሚለውን ያንኑ ድርጊት ዊንዶውስ በዩ.ዲ.ፒ. ላይ የሚጠራው «ግንኙነቱ ተቋርጧል» በሚለው በ10054 ነው። ስሙ በስም ተተክቷል፤ ድርጊቱ ግን በድርጊት አልተተካም። በኩዌክወርልድ የዊንዶውስ ክፍል ደግሞ «የመጣ መልእክት የለም» የሚለውና መልእክቱ ከመጠን በላይ መሆኑን የሚገልጸው ሲታለፉ፣ በሌላ በማናቸውም ስሕተት ፕሮግራሙ በሞላ እንዲቆም ተደርጓል።

ይህ ሲጻፍ ጉዳት አልነበረውም፤ የዚያን ጊዜዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ማስታወቂያውን ለዩ.ዲ.ፒ. ፕሮግራም አያደርሱም ነበርና። በየካቲት 2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ግን ማድረስ ጀመረ። በዚህም የዊንዶውስ ሠሪዎች ተሳሳቱ ለማለት አይቻልም። የኢንተርኔት ኮምፒዩተሮችን ግዴታ የሚዘረዝረው አር.ኤፍ.ሲ. 1122 በ1989 ገና ዩ.ዲ.ፒ. የሚደርሱትን የአይ.ሲ.ኤም.ፒ. ስሕተቶች ሁሉ ለፕሮግራሙ ማሳለፍ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። እንግዲህ አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ ትናንት ትክክል የነበረ ፕሮግራም መሬቱ ከሥሩ ስለ ተለወጠ ብቻ ስሕተተኛ ሆነ።

ተከታዮቹ ጽሑፎች ትምህርቱ ቀስ በቀስ እንደ ተገኘ ያሳያሉ። የሁለተኛው ኩዌክ ጽሑፍ፣ ለብቻው የቆመ ሰርቨር ከስሕተት በኋላ ሥራውን እንዲቀጥል የሚያደርግ መስመር አለው። በ2005 ይፋ በሆነው የሦስተኛው ኩዌክ ጽሑፍ ደግሞ የዊንዶውሱ ክፍል 10054ን በስሙ ለይቶ ያልፈዋል። ከሁሉ የሚሻለውም ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ስሕተቱን አውቆ ማለፍ ሳያውቁ ከመታገሥ ይለያልና።

4. ቁጥሮችን በየወገናቸው መለየት

የመቀበል ስሕተት ሲመጣ ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው። ዜናው ስለ ማን ነው? የሆነው መቼ ነው? ሶኬቱ ከዚህ በኋላ ለሥራ ይውላል ወይስ አይውልም? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች በአራት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ስሕተት ተብሎ ይጠራ እንጂ ስሕተት አይደለም። በዊንዶውስ 10035፣ በሊኑክስ 11 የሆነው ቁጥር ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ሶኬቱ እንዳይጠብቅ ተደርጎ በተከፈተ ጊዜ ይህ መልስ በየቅጽበቱ መምጣቱ የታሰበበት ነው። በእርሱ ላይ መዝገብ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም፤ ትርጉሙ «ለአሁኑ አበቃ» ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ዜና ነው። በዩ.ዲ.ፒ. 10054 እና መልእክቱ የመንገድ ዕድሜው አልቆ መቅረቱን የሚገልጸው 10052 ከዚህ ይመደባሉ። ፕሮግራሙ እነዚህን ቆጥሮ ወዲያው ወደሚቀጥለው መልእክት ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ስሕተት ይፈጸማል። ብዙ ፕሮግራመሮች 10054 ሲመጣ እንደ 10035 ቆጥረው የዚያን ዙር ንባብ ያቆማሉ። ሰርቨሩ በሴኮንድ ሃያ ጊዜ የሚልክ ቢሆንና የጠፋውን ተጫዋች ከ30 ሴኮንድ በኋላ የሚያሰናብት ቢሆን፣ በዚያ መካከል እስከ 600 ማስታወቂያ ሊመለስበት ይችላል። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ንባቡን ካቆመ የሌሎቹ መልእክት በሣጥኑ ውስጥ እየተጠራቀመ ይዘገያል፤ ተጫዋቾቹም ምክንያቱ ሳይገባቸው መስመሩ ከበደ ይላሉ። ማስታወቂያውን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው በዊንዶውስ ዩ.ዲ.ፒ. ኮን ሪሴት የተባለውን የሶኬት ማዘዣ ሐሰት ብሎ ሊዘጋው ይችላል። በሊኑክስ ግን ከአንድ አድራሻ ጋር በኮኔክት ጥሪ ያልታሰረ የዩ.ዲ.ፒ. ሶኬት በልዩ ማዘዣ ካልተጠየቀ በቀር ይህን ዜና አይናገርም፤ ከታሰረ 111 ብሎ ያሳውቃል። በሊኑክስ ላይ ዓመት የሠራ ሰርቨር ወደ ዊንዶውስ በተዛወረ ማግስት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ወገን የመጠን ጉዳይ ነው። በዊንዶውስ 10040 የሚለው ቁጥር፣ የመጣው መልእክት ከተዘጋጀለት መያዣ መብለጡንና ትርፉ መጥፋቱን ያስታውቃል። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ ልዩ ምልክት ካልተጠየቀ ዝም ብሎ ቆርጦ ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዱ ጉድለት በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ስሕተት፣ በሌላው ላይ የተበላሸ መልእክት ሆኖ ይታያል። የአንድ ዩ.ዲ.ፒ. መልእክት ወሰን በአይ.ፒ. አራተኛ ዝርያ 65,507 ባይት ቢሆንም፣ የኤተርኔት ጭነት 1,500 ባይት ስለሆነ ከ1,472 ባይት የበለጠው በመንገድ ይከፋፈላል፤ ከቁርጥራጮቹ አንዱ ከጠፋም ሁሉም ይጠፋል። በ2021 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9000 ኩዊክ ለተባለው ሥርዓት 1,200 ባይት የሚያሳልፍ መንገድን እንደ ዝቅተኛ መነሻ መያዙ ለጨዋታ ሠሪዎችም ጥሩ መመሪያ ነው።

አራተኛው ወገን የራስ ጥፋት ነው። 10014 ብዙ ጊዜ የላኪው አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ርዝመት አለመሞላቱን ወይም ማነሱን ያመለክታል፤ ርዝመቱ በእያንዳንዱ ጥሪ ፊት እንደገና መሞላት አለበት። 10022 ሶኬቱ ገና የፖርት ቁጥር ሳይሰጠው፣ ማለትም ፖስታ ሣጥን ሳይከራዩ፣ ደብዳቤ መጠበቅ ነው። 10038 ደግሞ የቀረበው ቁጥር ሶኬት አለመሆኑን ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል አስቀድሞ ዘግቶታል። እነዚህን ደጋግሞ በመሞከር ማለፍ አይቻልም። ሁሉንም ስሕተት በጅምላ ዝም የሚያሰኝ ፕሮግራም በ10038 ላይ ሲደርስ ያለ ፍጻሜ እየዞረ የኮምፒዩተሩን ጉልበት ይጨርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ የዚህ ወገን ስሕተት ጮክ ብሎ ተነግሮ ፕሮግራሙ መታረም አለበት።

ዜሮ የተባለው መልስ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በቲ.ሲ.ፒ. ዜሮ ባይት ማለት ወዲያኛው ወገን ጨርሻለሁ ብሎ በወጉ ዘግቷል ማለት ነው። በዩ.ዲ.ፒ. ግን ዜሮ ማለት ባዶ ደብዳቤ መጥቷል ማለት ብቻ ነው፤ ባዶ ፖስታ መላክም የተፈቀደ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰርቨር ማንም በላከው ባዶ መልእክት ሊታወክ ይችላል።

5. ቁጥር የሌላቸው ጉድለቶች

ከሁሉ የሚከብዱት ግን አንዳችም ቁጥር ሳያሳዩ የሚያልፉት ናቸው። የመጀመሪያው የሣጥኑ መሙላት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ሶኬት ያዘጋጀው መቆያ ቋት ልክ አለው፤ ቋቱ ሲሞላ የሚመጣው የዩ.ዲ.ፒ. መልእክት ይጣላል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም አይነገረው። ሰርቨሩ በየዙሩ አንድ መልእክት ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ ከአሥራ ስድስት ሰዎች የሚመጣው ሁሉ ሲጠራቀም ይህ መድረሱ አይቀርም። በየዙሩ «ለአሁኑ አበቃ» እስኪባል ድረስ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሆኖም በመልእክት ጎርፍ የሚያጠቃ ሰው ሰርቨሩን በንባብ ብቻ እንዳያስረው ለአንዱ ዙር ወሰን ይደረግለታል። በሊኑክስ ኔትስታት የተባለው መሣሪያ በዚህ ምክንያት የተጣሉትን ቆጥሮ ያሳያል።

ሁለተኛው በቲ.ሲ.ፒ. የሚፈጸም ነው። በአንዱ ጫፍ በእንስራ እየተለካ በቧንቧ የፈሰሰ ውኃ በሌላው ጫፍ እንስራ እንስራ ሆኖ አይወጣም። አንድ መቶ ባይት የተላከ መልእክት መጀመሪያ ስልሳ፣ ቀጥሎ አርባ ሆኖ ሊደርስ፣ ወይም ሁለት መልእክት ተያይዞ በአንድ ንባብ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ጥሪ አንድ ሙሉ መልእክት ይመጣል ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም በጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ይከርምና በእውነተኛው መረብ ላይ ይሰናከላል። መፍትሔው በእያንዳንዱ መልእክት መግቢያ ላይ ርዝመቱን ጽፎ፣ ያ መጠን እስኪሞላ ማጠራቀም ነው፤ ከውጭ የመጣውን ርዝመት ግን ልኩን ሳይመረምሩ ማመን አደገኛ ነው።

ሦስተኛው በመካከል ያሉት የአድራሻ መለወጫ መሣሪያዎች ጉዳይ ነው። የቤት ራውተሮችና የሞባይል ኔትወርኮች ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጡትን የውጭ ፖርት የሚያስታውሱት ለተወሰነ ጊዜ ነው። አር.ኤፍ.ሲ. 4787 በ2007 ይህ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ እንዳያንስ ቢደነግግም፣ ቀድመው የሚረሱ መሣሪያዎች አሉ። ዝም ብሎ የቆየ ተጫዋች ተመልሶ ሲናገር በሌላ ፖርት ሊመጣ ይችላል፤ ሰርቨሩም እንደ እንግዳ ያየዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሥራ ባይኖረውም በየጥቂት ሴኮንዱ አጭር ምልክት መላክ፣ ሰርቨሩም ሰውን በአድራሻው ብቻ ሳይሆን በተሰጠው የመለያ ቁጥር ጭምር ማወቅ አለበት።

6. የአመራመር ሥርዓት

ከላይ ከተዘረዘረው ለሥራ የሚበጅ ሥርዓት ማውጣት ይቻላል። አስቀድሞ ቁጥሩ ራሱ በትክክል መያዝ አለበት። በዊንዶውስ የሶኬት ስሕተት የሚገኘው ኤረርኖ ከተባለው ከተለመደው የሲ ቋንቋ መዝገብ ሳይሆን ለዊንሶክ ከተመደበው ጥሪ ነው፤ ያም ጥሪ ስሕተቱ እንደ ታየ፣ ሌላ ሥራ ሳይገባበት፣ መደረግ አለበት። ሌላ ጥሪ ከቀደመው የሚገኘው ቁጥር የሌላ ጉዳይ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስሕተቱ በመዝገብ ላይ ከነሁኔታው ይጻፍ፤ የትኛው ጥሪ፣ በየትኛው ሶኬት፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ለማን ለማን ተልኮ ነበር የሚለው ሁሉ ይታወቅ። ለእያንዳንዱ መስመር ከመጻፍ ግን በየሴኮንዱ ድምር መጻፍ ይሻላል፤ አለዚያ መዝገቡ ራሱ ሰርቨሩን ያዘገየዋል።

ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ሆን ተብሎ ይቀስቀስ። የአንዱ ተጫዋች ፕሮግራም በድንገት ይገደል፤ የሌላው ገመድ ይነቀል፤ ሦስተኛው በወጉ ይውጣ። ሦስቱ መውጫዎች በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ሦስት የተለያየ ምልክት ይተዋሉ። ዋየርሻርክ በተባለው መሣሪያ መስመሩ ሲታይ በመጀመሪያው ጊዜ የአይ.ሲ.ኤም.ፒ. ማስታወቂያው ሲመለስ በዓይን ይታያል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። በሊኑክስ ኔትኤም የተባለው መሣሪያ ደግሞ መዘግየትንና መጥፋትን በልክ እየጨመረ የሩቁን መረብ ወደ ጠረጴዛ ያመጣል።

በመጨረሻም ተጫዋችን ማሰናበት በስሕተት ቁጥር ሳይሆን በዝምታ ርዝመት ይወሰን። 10054 ከማን እንደ መጣ በሚገባ ላይታወቅ ይችላል፤ የአይ.ሲ.ኤም.ፒ. ማስታወቂያም በተንኮለኛ ሊፈበረክ ይችላል፤ መብራት የጠፋበት ተጫዋች ደግሞ ማስታወቂያ አይልክም። የተወሰነ ሴኮንድ ዝም ያለ ሰው ይሰናበት የሚለው ደንብ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይዳኛል።

ማጠቃለያ

ወጣቱ ፕሮግራመር ይህን ሥርዓት ቢከተል ኖሮ ሶኬቱን ዘግቶ መክፈቱ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደ መምታት መሆኑን በአንድ ምሽት ይረዳው ነበር። የሚያስፈልገው እርማት ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ 10054ን ቆጥሮ ወደሚቀጥለው መልእክት የሚያልፍ፣ ሌላው ለረጅም ጊዜ ዝም ያለውን የሚያሰናብት። እነዚያን ሁለት መስመሮች ለመጻፍ ግን ቁጥሩ የማንን ዜና እንደሚናገር ማወቅ ግድ ነው።

መሐንዲስ በሚሠራው ሁሉ ላይ የብዙዎች ጉዳይ በአንድ በር ያልፋል። ከአሥራ ስድስት ሰዎች አንዱ ሲወጣ አሥራ አምስቱ ሥራቸውን መቀጠል ይችሉ እንደሆነ የሚለየው የኮምፒዩተሩ ትልቅነት አይደለም፤ በዚያ በር የቆመው ፕሮግራም የአንዱን መውጣት የሁሉ መውጣት አድርጎ እንዳያነበው በጥንቃቄ መጻፉ ነው። ተቀባይ አጥቶ የተመለሰ ደብዳቤ በሣጥኑ የተገኘበት ሰው ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርጎ ከሥሩ ያሉትን ያነባል፤ በደንብ የተሠራ ሰርቨርም ከዚህ የተለየ አያደርግም።